ፊት የሌለው ሂያጅ

ይህን ወሬ ያመጣልኝ ሰው አገሩን በስም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ስም የሌለው አገር ለሚያወራውም ለሚሰማውም ይመቻል። ማንም ተነስቶ "የኛን ነው የምታወሩት?" ሊለን አይችልም፤ ካለም ራሱ ያውቃል።

አገሩ አንድ ትልቅ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ወገቡ ላይ ሰፈሩና ገበያው፣ ከሥሩ ደግሞ ወንዙ። የአገሩ ዋና ሕግ፣ እንዲያውም ሌሎቹን ሁሉ የወለደው ሕግ፣ ለቤተ መንግሥቱ ጀርባ አይሰጥም የሚለው ነው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ችግር የለበትም፣ ፊቱ ወደ ላይ ነውና። ቁልቁል የሚወርድ ግን ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዳደረገ፣ የኋሊት፣ ተረከዙን እያስቀደመ ይወርዳል። ውሃ ቀጂዋ ባዶ እንስራዋን ይዛ የኋሊት ትወርድና ሞልታ ፊት ለፊት ትወጣለች። ሙሽራ እንዲሁ ነው የሚሄደው። አስከሬን እንኳን ፊቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲሆን ራሱ በትራስ ቀና ተደርጎ ነው የሚሸኘው።

ይህን ሕግ ማን አወጣው ብትሉ፣ ማንም አላወጣውም። ድሮ አንድ መኮንን ከንጉሡ ፊት ሲሰናበት፣ እንደ ወጉ እስከ አዳራሹ በር የኋሊት ሄደ። ይህን ያየ ሌላ መኮንን እንዳይበለጥ ብሎ እስከ ግቢው በር የኋሊት ሄደ። ሌላው እስከ ገበያው ደረሰ። ከሱ የባሰው እስከ ቤቱ፤ ቤቱ ደግሞ ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ የሚዞረው ሰው ማን ይሁን? ንጉሡ ቢጠየቁ ኖሮ "በሉ ዞራችሁ ሂዱ" ይሉ እንደነበር እንጃ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ያ ንጉሥ ሞተው፣ ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም ነግሠው፣ አገሩ እስከዛሬ የኋሊት ይወርዳል።

አትሳቁ። ሰው ሁሉን ይለምዳል። ገበያ ላይ ገዢና ሻጭ ጎን ለጎን ይቆሙና ሁለቱም ወደ ላይ እያዩ ይከራከራሉ፤ ስለዚህ ሲዋሹ አይተያዩም። ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ተከሳሹም በአንድ ረድፍ ነው የሚቀመጡት። ወደ ወንዙ የሚያይ መስኮት ያለው ቤት የለም። ሕጉ ከደጃፍ አያልፍም ይባላል፤ ልማድ ግን ያልፋል፤ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ እንኳን መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳውን እያዩ ነው የሚጨዋወቱት። ሕዝቡ የቤተ መንግሥቱን ግንብ እያንዳንዱን ስንጥቅ በቃሉ ያውቃል፤ እግሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ ግን አያውቅም። ይወድቃል እንግዲህ። በዚያ አገር ከንጉሡ ቀጥሎ የሚከበረው ሰው ወጌሻው ነው።

መውደቁ ሲበዛ መንግሥት አዘነና ጎነኛ የሚባሉ ሰዎችን ሾመ። ጎነኛ ማለት የጎን ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። እንደ ሌላው የኋሊት ሳይሆን በጎኑ እየተራመደ፣ በአንድ ዓይኑ ቤተ መንግሥቱን በሌላው መንገዱን እያየ፣ ለሚወርዱት ሰዎች "ድንጋይ! ጉድጓድ! ወደ ግራ!" እያለ ይጠራል። ሥራው አንገት ይበላል። ጎነኛ ሆኖ የሰነበተ ሰው አንገቱ ወደ አንድ ወገን ይደርቅበትና ሲተኛም ሲበላም አይመለስለትም።

የማወራችሁ ሽመክት ስለሚባል ሰውና ሚስቱ ስለ እማዋይሽ ነው። እማዋይሽ በሰፈሩ የታወቀች ጎነኛ ነበረች። ሽመክት ደግሞ ለወደቁት ምርኩዝ ይጠርባል። ሚስት ሰው እንዳይወድቅ ትጠራለች፣ ባል ከወደቀው ሰው ይተዳደራል። ጎረቤቶቻቸው "ከሁለታችሁ አንዳችሁ መክሰራችሁ አይቀርም" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለቱም ግን አልከሰሩም፤ አገሩ ለሁለቱም የሚበቃ ጉድጓድ ነበረው።

ሽመክት አንድ የሚያፍርበት ነገር ነበረው። የሚሄድ ነገር መሥራት ይወዳል። በሌላ አገር ሮቦት ይሉታል አሉ፤ እሱ ግን ስም አላወጣለትም፤ ሂያጁ ያለው ኋላ ሕዝቡ ነው። ሥራ ሲፈታ፣ በተለይ በሰንበት ከሰዓት በኋላ፣ የውጭውን በር ይዘጋና ጓዳ ገብቶ የለቃቀመውን ይዘረጋል፤ ከተጣለ መኪና የተነቀለ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ የብስክሌት ሰንሰለት፣ የጃንጥላ ዘንግ፣ የአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ፣ የዘይት ቆርቆሮ። ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ሌላውን ሲያላላ ይመሽበታል።

ይህ ምን ያሳፍራል ትሉ ይሆናል። ጥቅም የለውማ! ውሃ አይቀዳ፣ እህል አይፈጭ። በዚያ አገር ሰው የሚሠራው ወይ ለሆዱ ነው ወይ ለቤተ መንግሥቱ። እንዲሁ ደስ ብሎኝ የሚባለው የሕፃን ነገር ነው፤ ሽመክት ደግሞ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ሞተሩን በጋቢው ሸፍኖ፣ የእጁን ቅባት በሱሪው ጠርጎ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ዓይኑን ሰብሮ ነው የሚወጣው። "ምን እየሠራህ ነው?" ሲሉት "ምርኩዝ" ይላል።

መጀመሪያ የሠራለት እግር በእርግጥም ምርኩዝ ነበር፤ ሌላ እግር አያውቅም። ቀጥ ብሎ ያቆመዋል እንጂ አያራምደውም። ሂያጁ ገና ሲነሳ ይደፋል። ሽመክት ብዙ ሰንበት ደክሞ ሳይሆንለት ሲቀር፣ የጎረቤት ፍየል ስትሄድ ቁጭ ብሎ ያይ ጀመር። ፍየልና አህያ ከሕጉ ነፃ ናቸው፤ እንስሳ ክብር አያውቅም ተብሎ ተትቶላቸዋል። የትኛው እግሯ መቼ እንደሚነሳ፣ ክብደቷን ወዴት እንደምትጥል አየ። ተመልሶ አራት እግር ሠራና ለያንዳንዱ ጉልበት አወጣለት። ከዚያ እንቅፋት ሲነካው አፈግፍጎ ዞር የሚልበት ቀጭን የሽቦ ጢም አበጀለት። ጢሙን በአንድ ወገን ብቻ ሊያደርግ አስቦ ነበር። ኋላ ግን "እንቅፋት በየት በኩል እንደሚመጣ ማን ያውቃል?" አለና በሁለቱም ጫፍ ተከለለት። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

እማዋይሽ ሁሉን ታውቅ ነበር። አንገቷ የደረቀው ወደ ጓዳው በኩል ስለሆነ፣ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ሳትፈልግም ታየዋለች።

"ዛሬስ ተነሳ?" ትለዋለች።

"ተነሳና ወደቀ።"

"ባለፈው መነሳቱንም እምቢ ብሎህ አልነበር? ተሽሎታል ማለት ነው።"

አንድ ሰንበት ሂያጁ ከጓዳው አንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ሳይወድቅ ሄደ። ግድግዳውን በጢሙ ነካ፣ አፈገፈገ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። የሽመክት ዓይን እንባ ሞላ፤ በእንባውም አፈረና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እማዋይሽ ብድግ ብላ የውጭውን በር ከፈተችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ጓዳው ጠቦታል። ይሂድ እንጂ!"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው መቼ ወደዚህ አይቶ ያውቃል? ሁሉም ሽቅብ ነው የሚያየው" አለች።

ሂያጁ ደጃፉን አለፈና ቁልቁለቱን ያዘው። የቆርቆሮው ሆድ እየተንኳኳ፣ ሰንሰለቱ እየተንጫጫ፣ አራት እግሩን በየተራ እያነሳ ወረደ። ድንጋይ ሲገጥመው በጢሙ ይዳስሰዋል፣ ትንሽ ያፈገፍጋል፣ በጎኑ ያልፋል። ገበያው መሐል ደረሰ። ገበያተኛው ከላይ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ከአህያና ከፍየል በቀር ከላይ የሚያየው ሁሉ የሰው ጀርባ ነው። ክርክሩ ጸጥ አለ። ሂያጁ በሰዉ እግር መሐል እየተሽሎከለከ፣ ያለ ጎነኛ፣ ያለ ጠሪ፣ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ ወንዙ ድረስ ወርዶ ውሃው ዳር ቆመ።

ሕዝቡ አፈረ። ያፈረው በቆርቆሮው አይደለም። በሽመክት ምርኩዝ የቆመ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ቆርቆሮውን አየ፣ ምርኩዙን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የነበሩትም አንገታቸውን ደፉ።

ሽመክትና እማዋይሽ ተከትለው ወረዱ፤ እሷ በጎኗ እየጠራችለት፣ እሱ የኋሊት። ሂያጁን ከውሃው ዳር አንስቶ ሲያቅፈው አንዱ "የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"እ... ወድቆ አግኝቼው ነው" አለ ሽመክት።

"የሱ ነው" አለች እማዋይሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ራሱ ነው የሠራው፣ በእጁ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ በመንገዱ ላይ አንድ ነገር መታየት ጀመረ። ሰዎች ሲወርዱ፣ ሳል እንደያዘው ሰው አንገታቸውን ዘወር አድርገው መንገዱን በስርቆት ያያሉ። አንዳንዱም ጫማዬ ተፈታ ብሎ ያጎነብስና በእግሮቹ መሐል ወንዙን ያያል። የሚወድቀው ሰው ቀነሰ። ወጌሻው ይህን ያዘና አቤት አለ፤ ሽመክትም ከነሂያጁ ወደ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ ተጠራ።

ጉዳዩን ያዩት ይህን ሕግ የሚያስጠብቁት የጀርባ ሹሙ አጥናፌ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሹመታቸውን አጥብቀው ከመውደዳቸው የተነሳ በገዛ ግቢያቸው ሳይቀር የኋሊት ስለሚሄዱ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው በተረከዙ በኩል ነበር። አማካሪዎቻቸው በግራና በቀኝ ተቀመጡ፣ ሽመክት ከረድፉ ጫፍ ላይ ቆመ፣ ሂያጁ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ወደ ላይ እያዩ ምርመራው ተጀመረ።

"ሽመክት" አሉ አጥናፌ፣ "ይህ ነገር ባለፈው ሲወርድ ለቤተ መንግሥቱ የሰጠው ፊቱን ነው ጀርባውን?"

"ፊትም ጀርባም የለው፣ ጌታዬ።"

"ፊት የሌለው ነገር አለ እንዴ?"

"ቆርቆሮ ነው እኮ፣ ጌታዬ።"

"ድስትም ቆርቆሮ ነው። ድስት ግን አይሄድም። የሚሄድ ነገር ሁሉ ፊት አለው። ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ እንዴት ይሄዳል?"

ሽመክት "እኛስ?" የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶለት ነበር። ዋጠው።

አንደኛው አማካሪ ሂያጁ እንደ አህያ ቢታይና ቢተው ምን አለበት አሉ። ሁለተኛው ተቆጡ። አህያ ትወለዳለች እንጂ አትሠራም፤ ይህ ግን የተገዢ እጅ ሥራ ነው፤ የተገዢ ሥራ ደግሞ ራሱ ተገዢ ነው አሉ። ይህ ጥሩ ተባለ። ከዚያ ፊቱን መፈለግ ተጀመረ።

"በየት በኩል ነው የሚበላው?" ብለው ጠየቁ አማካሪው።

"አይበላም። ባትሪ ነው የሚገባለት፣ ከላይ በኩል።"

"እንግዲያው አፉ ከላይ ከሆነ ፊቱ ሰማይ ነው የሚያየው።"

"ከቤተ መንግሥቱ በላይ ያያል ማለት ነዋ!" አሉ ሌላው ደንግጠው። "ይህማ የባሰ ነው። ይቅር፣ ይቅር።"

አጥናፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ ለምን ሠራኸው?"

"እንዲሁ፣ ጌታዬ።"

"እንዲሁ ለማን?"

"ለማንም። ሲሄድ ሳየው ደስ ስለሚለኝ ነው።"

ረድፉ ሁሉ ዝም አለ። ዝምታው የቁጣ አልነበረም፤ ለሰው ሲታፈርለት የሚወድቀው ዝምታ ነበር። "ልጆች አሉህ?" አሉት አጥናፌ በለሰለሰ ድምፅ።

"አልሰጠንም፣ ጌታዬ።"

"አይ፣ ተዉት" አለ አንዱ ከወዲያ ጫፍ። "ልጅ ያጣ ሰው ነው፤ በቆርቆሮ ቢጫወት ምን ይፈረድበታል።"

የሽመክት ጆሮ ጋለ። ቢሰድቡት፣ ቢያስሩት ይሻለው ነበር። በዚያች ሰዓት ሂያጁን ባልሠራሁት ብሎ ተመኘ። ይህ ምኞት ከዚያ በኋላ ከደረሰው ነገር ሁሉ የበለጠ ኋላ ላይ ያሳፍረው ነበር ይላሉ።

ፍርዱ አጭር ነው። ለሂያጁ ፊት ይበጅለት፣ ያውም በሠሪው እጅ። በገበያ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት እንደ ማንኛውም ተገዢ ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አድርጎ የኋሊት ይውረድ። "እምቢ ካልክ ደግሞ" አሉ አጥናፌ፣ "ሚስትህ ጎነኛ ናት፣ አይደል? ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ዓይን አይታመንም። የጎን ፈቃዷን እንወስዳለን።"

ሽመክት ቤቱ ገባ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ምን አሉህ?" አለች እማዋይሽ።

"ፊት ሥራለት አሉኝ።"

"አንተስ?"

"ምን ምርጫ አለኝ?"

"ሌላ የነገሩህ ነገር አለ?"

"የለም" አላት።

እንዳትጨነቅ ብሎ ነው የዋሻት፤ ለራሱም እንደዚያ ብሎ ነገረው። እኔ ግን ሁሉንም ልንገራችሁ። ሽመክት የፈራው ለፈቃዷ ብቻ አልነበረም። ልጅ ያጣው ቆርቆሮ ተጫዋች መባሉ አንገብግቦታል። ፊት ከሠራለት፣ ሂያጁ ሕግ ካከበረ፣ እሱም ቁም ነገር የሠራ ሰው ይባላል። ይህን አስቦ ልቡ ትንሽ ደስ አለው፤ ደስታው ደግሞ አሳፈረው፤ በሐፍረቱ ላይ ተኛበት።

በማግስቱ ኖራና ጥላሸት በጥብጦ ሂያጁ ፊት ተቀመጠ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ናቸው። አንዱን ፊት ካለው ሌላው ጀርባ ሊሆን ነው። እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ዝገት የያዘውን ጫፍ መረጠ፣ ቀለሙ ዝገቱን ይሸፍንልኛል ብሎ። በኖራ ሁለት ዓይን ሳለ፣ በጥላሸት ብሌን አገባባቸው፣ አፍም አወጣለት። ሲጨርስ ቀና ብሎ አላየውም፤ በጋቢው ሸፈነው። ድሮ ሰው እንዳያይበት ነበር የሚሸፍነው፤ ያን ቀን ግን ራሱ ላለማየት ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ እንደ ወጉ ወደ ላይ እያየ ተሰበሰበ። እማዋይሽ ከባሏ ጎን ቆማለች። ሽመክት ጋቢውን ሲገልጠው ሰዉ ሳቀ፤ ፊቱ የደነገጠ ሰው ፊት ይመስል ነበር። አጥናፌ ደስ እያላቸው ዞሩትና አዩት። ከኋላው ሲደርሱ ግን ቆሙ።

"ይህስ ሽቦ ምንድነው?"

"ጢሙ ነው፣ ጌታዬ። መንገዱን የሚዳስስበት።"

"ከፊቱ ያለው ይሁን። ይህ ግን ጀርባው ላይ ነው። ጀርባ ያያል እንዴ?"

"ይህ ከሌለ ይወድቃል፣ ጌታዬ።"

"እኛስ አንወድቅም?" አሉ አጥናፌ። በእውነት ገርሟቸው ነው የጠየቁት። "ከኛ በምን ይበልጣል? ቁረጠው።"

የሽመክት ፒንሳ ኪሱ ውስጥ ነበር። እምቢ ማለት ይችል ነበር። ጠባቂ እጁን አልያዘውም፣ ጎራዴ አልተመዘዘበትም። እማዋይሽ በዚያ በደረቀው አንገቷ ልታየው ስትሞክር ታወቀው። ፒንሳውን አወጣ። ሽቦው ቀጭን ስለነበር ለመቁረጥ ምንም አላስቸገረም።

ማብሪያውን ጫነው። ሂያጁ የተሳለው ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አድርጎ የኋሊት መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ አማረበት፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ገጠመው። አልዳሰሰውም። እግሩ ድንጋዩን ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ ቆርቆሮው ዘመመና መንገዱ ዳር ያለው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ወደቀ። አንድ ጉልበቱ ተሰበረ። ሦስቱ እግሮቹ ግን ባትሪው እስኪያልቅ አየሩን ይራመዱ ነበር።

ሕዝቡ እፎይ አለ። እልልታው ቀለጠ! ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ያ በምርኩዝ የቆመው ሽማግሌ ነው። "አሁን የኛ ሰው ሆነ!" ይላል እየደጋገመ፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ። አንገታቸውን ማዞር ጀምረው የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ። ብረት እንኳን ከወደቀ እኛ ብንወድቅ ምን ይገርማል ተባባሉ፤ በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው የወረዱት ድሮ ከሚወርዱትም ይበልጥ እየኮሩ የኋሊት ነበር። ወጌሻውም ያን ምሽት ሥራ በዝቶበት አመሸ አሉ።

አጥናፌ ለሽመክት ካባ አለበሱት። የዚያ አገር የክብር ካባ ጥልፉ በደረቱ በኩል ብቻ ነው፤ ጀርባው ተራ አቡጀዴ ነው። "ለልጅህም" አሉ እየሳቁ፣ "ምርኩዝ ጥረብለትና አደባባዩ ላይ ይቁም።" ሽመክት እጅ ነሣ። ከት ብለው በሳቁት ሰዎች መሐል የሱም ድምፅ እንደነበረ የሰሙ አሉ።

ሲመሽ ባልና ሚስት መውረድ ጀመሩ። እሱ ካባውን እንደለበሰ የኋሊት፣ እሷ በጎኗ።

"ድንጋይ" ትላለች። "ወደ ቀኝ። ደረጃ አለ።" ሌላ ቃል አትጨምርም። መንገዱን ግማሽ ወረዱ።

"ለአንቺ ብዬ ነው" አላት። "ፈቃድሽን እንወስዳለን ብለውኝ ነበር።"

እማዋይሽ ቆመች። "መቼ ነው ያሉህ?"

"ያን ጊዜ፣ የተጠራሁ ቀን።"

"ሌላ የነገሩህ አለ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ።"

"ጠይቀኸኝ ቢሆን ይውሰዱት እልህ ነበር" አለች። "ይውሰዱት፣ አንገቴም ባረፈ። ሌላ ሥራ ይጠፋል?" አንገቷን በእጇ ያዘች። "ይህን አንገት ይዤ ስገባ ስወጣ፣ ሰው ሲወድቅ እያየሁ ስውል፣ እያፈርኩ ነው የኖርኩት። በቤታችን የማላፍርበት አንድ ነገር እሱ ነበር። አንተ ግን ታፍርበት ነበር።"

ሽመክት እጁን ወደ ድምፅዋ ዘረጋ። "እማዋይሽ..." አለ።

ስትዞር የልብሷን ድምፅ ሰማ። አንገቷ ስላልታዘዘላት ከነሙሉ አካሏ ነው የዞረችው፤ ያመማት መሆን አለበት፣ ትንፋሿ ቆረጥ አለ። ከዚያ ጣቶቿን እያስቀደመች፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ ወረደች። እርምጃዋ መጀመሪያ ፈራ ተባ ይል ነበር፤ ኋላ ቀና።

ከሥር እንስራዋን ሞልታ የምትወጣ ሴት ነበረች። ከላይ የሚመጣ የሰው ፊት ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ደንግጣ ቆመች። እማዋይሽም ቆመች፤ እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ምን እንደሚባል ሁለቱም አያውቁም።

"እንዴት አመሸሽ?" አለች እማዋይሽ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ሴትዮዋ፣ "አንቺስ?"

ሽመክት ይህን ሁሉ በጆሮው ነው የሰማው። ከፊቱ ቤተ መንግሥቱ መስኮቶቹን ዘግቶ ቆሟል፤ አንድም ሰው የሚያይበት አልነበረም። መዞር ብቻ ነበር የቀረው። ካባውን በእጁ ጨበጠና ትከሻውን ትንሽ አንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ዓይኑን ሰበረ። ሚስቱን "ድንጋዩ የት ነው?" ብሎ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ አፈረና ዘጋው።

ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ፤ ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረገ፣ በተረከዙ መሬቱን መፈለግ ጀመረ።